ዊ ዩ ከወራት በኋላ፦ ጥፋቱ የፓዱ አይደለም

ዊ ዩ ቲቪ ላይ የሚሰካ የኒንቴንዶ ጌም ማሽን (ኮንሶል) ነው። በ2014 መጀመሪያ የሽያጩን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው «ዊ ዩ አልቆለታል» ቢል አይፈረድበትም ነበር። ኒንቴንዶ እስከ ማርች 2014 ባለው የበጀት ዓመት 9 ሚሊዮን እሸጣለሁ ብሎ ነበር። ጃንዋሪ 2014 ላይ ግምቱን ወደ 2.8 ሚሊዮን አወረደው። ኮንሶሉ ገበያ የወጣው ኖቬምበር 2012 ላይ ነው፤ እስከ 2013 መጨረሻ የተሸጠው 5.86 ሚሊዮን ነው። ተፎካካሪው ፕሌይስቴሽን 4 በስድስት ሳምንት ብቻ 4.2 ሚሊዮን ደርሷል። (ዓመቱም ወሩም በፈረንጆቹ ነው።)

እኔ የገዛሁት ሴፕቴምበር 2013 ላይ ዋጋው ሲወርድ ነው። ጥቁሩን፣ ባለ 32 ጊጋባይቱን። ከ350 ዶላር ወደ 300 ዶላር ወርዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አቧራ ሲጠጣ አላየሁትም። እውነቱን ለመናገር ቤት ካሉት ማሽኖች ሁሉ ብዙ የሚሠራው እሱ ነው። ታዲያ ለምን አልተሸጠም? ከፊሉ ሰው ጥፋቱን በመቆጣጠሪያው፣ በጌምፓዱ ላይ ይጥላል፤ ከወራት በኋላ የደረስኩበት መልስ ግን ትንሽ ይለያል።

መጀመሪያ ስለ ጌምፓዱ። ለማያውቀው፣ ጌምፓድ ማለት መሃሉ ላይ 6.2 ኢንች ስክሪን ያለው ትልቅ ጆይስቲክ ነው። ሲያዩት ከባድ ይመስላል፤ ሲይዙት ግን ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። እጅ አያደክምም። ስክሪኑ 854 በ480 ፒክስል ነው፣ ስልኩን የለመደ ዓይን ደብዘዝ ማለቱን ወዲያው ያውቃል። በንክኪም ቢሆን ጫን ማለት ይፈልጋል፤ ሁለት ጣት አንድ ላይ አይቀበልም። ባትሪው ከ3 እስከ 5 ሰዓት ነው የሚቆየው። ይሄ ትንሽ ነው፣ ምንም ማለሳለስ አያስፈልገውም። ረጅም ጊዜ የሚጫወት ሰው ቻርጀሩን አጠገቡ ያስቀምጣል፣ በቃ።

ይሄን ሁሉ ብዬም ፓዱን አልሰጥም። ምክንያቱ አንድ ነው፦ ቲቪው ሲያዝ ጌሙ አይቆምም። ሌላው ሰው ኳስ ወይ ድራማ ሲያይ እኔ ሶፋው ጥግ ላይ ሆኜ ማሪዮን እቀጥላለሁ። «ትንሽ ቆይ፣ ይሄን ልጨርስ» የሚባል ጭቅጭቅ ጠፋ። ምስሉ ከኮንሶሉ ወደ ፓዱ የሚመጣው በገመድ አልባ ነው፤ ግን መዘግየቱ ፈጽሞ አይታወቅም። ሁሉም ጌም ይሄን አይፈቅድም፣ ብዙዎቹ ግን ይፈቅዳሉ። አንድ ቲቪ ላለው ቤት ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም አላውቅም።

የገረመኝ ኒንቴንዶ ይሄን ነገር አለመጮሁ ነው። ማሽኑን በ2011 ሲያስተዋውቅ ያሳየው በአብዛኛው ፓዱን ነበር፤ ኮንሶሉ የት እንዳለ እንኳ በደንብ አይታይም ነበር። ስሙም ከበፊቱ ዊ ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ለድሮው ዊ የሚገዛ ተጨማሪ ዕቃ መሰለው። ከ100 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ማሽን ያለው ሰው «አለኝ እኮ» ብሎ አለፈ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ኒንቴንዶ ሁለተኛ ስክሪን ሸጠልን፤ ቀጥሎ ሁለተኛ ስክሪን የማያስፈልጋቸው ጌሞች ሠራ። ችግሩ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ።

ኒንቴንዶ ላንድን ተመልከቱ። ከማሽኑ ጋር አብሮ የወጣ ጌም ነው። ውስጡ ማሪዮ ቼዝ የሚባል ጨዋታ አለ። አንዱ ፓዱን ይይዝና ይሸሻል፤ እስከ አራት ሰው ደግሞ ቲቪው ላይ ያባርረዋል። የሚሸሸው ካርታውን በሙሉ ያያል። አባራሪዎቹ የሚያዩት ፊታቸው ያለውን ብቻ ነው፤ ስለዚህ «ቀዩ ጋ ነው! ወደ አንተ መጣ!» እያሉ ይጯጯሃሉ። ጌም ነክቶ የማያውቅ ሰው በደቂቃ ውስጥ ይገባዋል። ዞምቢዩ የሚባለው የዞምቢ ጌምም እንደዚሁ፣ በሌላ መንገድ። ቦርሳህን የምትፈትሸው ፓዱ ላይ ነው። ዓይንህ ወደ ታች ሲል ዞምቢው አይጠብቅህም፣ ጌሙ አይቆምም። ልብ ያርዳል። ሁለቱም ጌሞች የወጡት መጀመሪያውኑ ነው። ሐሳቡ እንደሚሠራ ያኔውኑ ታይቷል።

ከዚያስ? ሱፐር ማሪዮ ስሪዲ ወርልድ እጅግ ያማረ ጌም ነው፤ ከተጫወትኳቸው የማሪዮ ጌሞች ከምርጦቹ ተርታ አስገባዋለሁ። ግን ፓዱን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈህ አብዛኛውን ልትጫወተው ትችላለህ። ፒክሚን 3 በሚባለው ጌም ላይ ፓዱ ካርታ ያሳያል፣ መጫወቱ ግን በድሮው የዊ ሪሞት ይሻላል። የገዛኸው ዋጋ ውስጥ የፓዱ ዋጋ አለ፤ ጌሞቹ ግን «ባይኖርም ይሆናል» እያሉህ ነው። ገዢው ይሄን አላስተዋለም ማለት ይከብዳል።

የሌሎች ካምፓኒዎች ጌም ጉዳይ ብዙ ስለተባለ አላረዝመውም። ፊፋ 13 መጣ፣ ፊፋ 14 አልመጣም። ሬይማን ሌጀንድስ ለዊ ዩ ብቻ ሊሠራ ታስቦ ነበር፤ ዘገየና ለሌሎች ኮንሶሎችም ወጣ። ኳስ ጌም ለሚፈልግ ሰው ነገሩ እዚሁ ላይ ያበቃል።

ፍጥነቱንም መጥቀስ አለብኝ። ማሽኑ ሲወጣ ከሜኑ ወደ አንድ አፕ ለመግባት 20 ሰከንድ ገደማ ይፈጅ ነበር። በ2013 የመጡት ማሻሻያዎች ብዙ አስተካክለውታል፣ እኔ የደረስኩት ከዚያ በኋላ ነው። እንደዚያም ሆኖ ፈጣን አልለውም። ሚቨርስ ግን ይጣፍጥ ነበር። ሰዎች በፓዱ ብዕር ሥዕል እየሳሉ የሚለጥፉበት የኒንቴንዶ መድረክ ነበር፤ በ2017 ተዘግቷል። አንድ ቦታ ላይ ስትሸነፍ ሌላው እዚያው ተሸንፎ የሳለውን ታይ ነበር። ሰዓቴን የበላው እሱ ነው።

ታዲያ ምን ቢያደርጉ ይነሳ ነበር?

ብዙ ሰው «ዋጋ ቀንሱ» ይል ነበር። ምሳሌውም የኒንቴንዶ የእጅ ጌም ማሽን፣ ስሪዲኤስ ነው። በ2011 በ250 ዶላር ወጣ፣ አልሸጥ አለ፣ ግማሽ ዓመት ሳይሞላው ወደ 170 ወረደ፣ ከዚያ ተነሳ። ትክክል ነው። ግን እዚያ የተቀነሰው ሲሶ ያህል ነው፤ ዊ ዩ ላይ የተቀነሰው ሰባተኛው ነው። ደግሞ ስሪዲኤስን ዋጋው ብቻ አላዳነውም። ኖቬምበር ላይ ሱፐር ማሪዮ ስሪዲ ላንድ፣ ዲሴምበር ላይ ማሪዮ ካርት 7 መጡለት። ርካሽ ዕቃም ቢሆን የሚገዛበት ምክንያት ሲኖር ነው የሚገዛው።

ሌላው ወገን «ፓዱን አውጥታችሁ በርካሽ ሽጡት» ይል ነበር። ይሄን አልስማማበትም። ፓዱ ከወጣ ምን ይቀራል? 2 ጊጋባይት የሥራ ሜሞሪ (ራም) ያለው ሳጥን። ፕሌይስቴሽን 4 ግን 8 ጊጋባይት ይዟል። በጉልበት ፉክክር ውስጥ ከገቡ ገና ከመነሻው ተሸንፈዋል። ጠጅ ቤት ጠጁን አስቀርቶ ብርሌውን ቢቸረችር ማን ይመጣል?

የመኪና ውድድር ጌሙ ማሪዮ ካርት 8 የወጣው ሜይ 2014 ላይ ነው። እኔ ብሆን እሱን ከሳጥኑ ውስጥ ከትቼ፣ ዋጋ ሳልጨምር እሸጥ ነበር። ማስታወቂያው ላይ ደግሞ የሚያማምሩ መኪኖችን ትቼ ቲቪውን የተነጠቀ ሰው አሳይ ነበር። ሠላሳ ሰከንድ፣ ሌላ ምንም ማብራሪያ የለም።

የያኔው የኒንቴንዶ ፕሬዚዳንት ሳቶሩ ኢዋታ በጃንዋሪ 2014 መጨረሻ ከተናገሩት ውስጥ ተስፋ የሰጡኝ ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንዱ ፓዱን እንደማይተዉትና ማሽኑ ሲከፈት ከፓዱ ላይ ጌሙን ቶሎ የሚያስጀምር ሜኑ እንደሚያመጡ ነው። ሁለተኛው ከስሪዲኤስ በፊት የነበረው የእጅ ማሽን፣ የዲኤስ ጌሞች ወደ ዊ ዩ መምጣታቸው ነው። ዲኤስ ሁለት ስክሪን ነበረው፣ ዊ ዩም ሁለት አለው። ይሄን ለማሰብ ይሄን ያህል ጊዜ መፍጀቱ ነው የሚገርመው። ኢዋታ ደሞዛቸውንም ለአምስት ወር በግማሽ ቆርጠው ነበር። አክብሮቴን እሰጣለሁ፤ ጌም ግን አይሆንልኝም።

ያልሰማሁትና መስማት የፈለግኩት የአካውንት ነገር ነበር። ያኔ በኢንተርኔት የገዛኸው ጌም የታሰረው ከማሽኑ ጋር ነበር፣ ካንተ ጋር አልነበረም። ማሽኑ ቢጠፋ ሌላ ገዝተህ በስምህ ገብተህ ማውረድ አትችልም ነበር። ስልክ ላይ ሁሉም ሰው በለመደው ነገር ይሄ ወደ ኋላ መቅረት ነበር። እኔ በዚህ ምክንያት ትልልቆቹን ጌሞች በዲስክ ነው የገዛኋቸው።

ማሽኑ በ2017 መመረቱ ቆሟል፤ ያገለገለ ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ ግን፣ ቤታችሁ አንድ ቲቪና ብዙ ተጫዋች ካለው ይሄ ማሽን ለናንተ የተሠራ ነው። ባለ 8 ጊጋባይቱን ነጩን እለፉት፤ ሲስተሙ ራሱ ሰፊውን ቦታ ይይዝበታል። ከሌላ ኮንሶል የሚመጣ ሰው ስክሪን የሌለውን መቆጣጠሪያ፣ ፕሮ ኮንትሮለሩን ይጨምርበት፣ አንዴ ቻርጅ ተደርጎ 80 ሰዓት ያህል ይሄዳል።  ያኔ ማሪዮ ካርቱ ሳጥኑ ውስጥ ካለበት 300 ዶላሩ አይቆጭም ነበር።