በጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ የተረጨ ፎም፦ ከዓመት ከመንፈቅ አገልግሎት በኋላ የአንድ ሕንፃ ባለቤት ግምገማ

ባለ ሁለት ፎቅ በሆነው የንግድ ሕንፃችን ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ የፖሊዩሬቴን ፎም፣ ማለትም በፈሳሽነት ተረጭቶ ኩፍ ብሎ የሚጠነክር ፕላስቲክ፣ ካስረጨን ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ሆኖታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከባድ ዝናብ፣ ለወራት የዘለቀ ኃይለኛ ፀሐይና የአየር ማቀዝቀዣ ጠጋኞች እግር ተፈራርቀውበታል፤ ስለዚህ አሁን የምሰጠው አስተያየት ጣሪያው ገና ነጭ ሆኖ ሲያበራ ልሰጥ ከምችለው ይልቅ ሚዛን የሚደፋ ይመስለኛል። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ፎሙ የተገዛበትን ሥራ በሚገባ ሠርቷል፤ ዛሬም ብጠየቅ የምመርጠው እርሱን ነው። ሆኖም የዚህ ጣሪያ ዕድሜ የሚወሰነው በተረጨበት ዕለት የአየር ሁኔታ፣ በረጪው እጅና ከላይ በሚለበጠው ሽፋን ስለሆነ፣ ገዢ የሆነ ሰው ትኩረቱን ከቁሳቁሱ ስም ይልቅ በእነዚህ በሦስቱ ላይ እንዲያደርግ አጥብቄ እመክራለሁ።

ቀድሞ ሶሌታው (የጣሪያው የኮንክሪት ንጣፍ) ላይ የነበረው በእሳት እየተለበለበ የተለጠፈ የሬንጅ ሽፋን ነበር። ሽፋኑ በጥቅል እየመጣ ጎን ለጎን የሚዘረጋ በመሆኑ መጋጠሚያው ብዙ ነው፤ ውሃም የሚገባው ከመጋጠሚያው፣ ከፓራፔቱ (በጣሪያው ጠርዝ ዙሪያ ካለው አጭር ግንብ) ሥር፣ ቧንቧ ሶሌታውን ከሚበሳበት ቦታና ከአየር ማቀዝቀዣዎቹ የብረት እግር ዙሪያ ነበር። አንዱን ስንደፍን ሌላው ይከፈት ስለነበር በመጨረሻ መጋጠሚያ የሌለው ነገር መፈለግ ጀመርን። ሁለተኛው ምክንያታችን ክብደት ነው። ለጣሪያ የሚረጨው ፎም እፍጋቱ በሜትር ኩብ ከ40 እስከ 48 ኪሎ ግራም ስለሆነ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍ በካሬ ሜትር ከ2 ኪሎ ተኩል አይበልጥም፤ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው የሲሚንቶ ስክሪድ (የወለል ማስተካከያ ንጣፍ) ግን በካሬ ሜትር 100 ኪሎ ያህል ይጭናል። በዕድሜ ለገፋ ሕንፃ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ስለ ፎሙ አሠራር ጥቂት ማወቅ ለገዢው ይጠቅመዋል። አይሶሳይኔትና ፖሊዮል የሚባሉ ሁለት ፈሳሾች በየበርሜላቸው ይመጣሉ፤ በሚሞቁ ቱቦዎች አልፈው መርጫው አፍ ላይ በእኩል መጠን ይቀላቀላሉ፤ ቅልቅሉ ሶሌታው ላይ እንዳረፈ በሰከንዶች ውስጥ ከ20 እስከ 30 እጥፍ ኩፍ ይልና በደቂቃዎች ውስጥ ይጠነክራል። እንግዲህ ምርቱ የሚመረተው ፋብሪካ ውስጥ ሳይሆን እዚያው ጣሪያው ላይ ነው ማለት ነው። አምራቹ በወረቀት ያሰፈረው ጥንካሬና የሙቀት መከላከል አቅም የሚገኘው መጠኑ፣ ሙቀቱና ግፊቱ ሳይዛባ ሲቀር ብቻ ነው። አይሶሳይኔቱ ከበዛ ፎሙ ይሰባበራል፤ ፖሊዮሉ ከበዛ ደግሞ ይልመሰመሳል፣ ሽታውም አይለቅም። ስለዚህ ተቋራጭ ስንመርጥ ከዋጋ በፊት መሣሪያውን ማን እንደሚይዝ፣ ከዚህ በፊት የረጫቸው ጣሪያዎች ከዓመታት በኋላ ምን እንደሚመስሉ መጠየቃችን ተገቢ ነበር።

ትልቁ ጠላት እርጥበት ነው። አይሶሳይኔት ውሃ ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ጋዙ በሶሌታውና በፎሙ መካከል ታምቆ ይቀርና ፀሐይ ሲመታው ንጣፉን ያሳብጠዋል። ሙያው የሚያዘው ሶሌታው ሙሉ በሙሉ እንዲደርቅና ሙቀቱ ጤዛ ከሚቋጠርበት መጠን ቢያንስ በ3 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲበልጥ ነው። በእኛ ጣሪያ ላይ ከሬንጁ ሥር የረጠበው ክፍል ሁሉ ተቆርጦ ተነሥቷል፣ የቀረው ተጠርጎ ፕራይመር (ፎሙ እንዲጣበቅ የሚረዳ መነሻ ቅብ) ተቀብቷል። ይሁን እንጂ በአንደኛው ማዕዘን ሠራተኞቹ ማለዳ ጤዛው ሳይተን ጀምረው ነበርና ከሳምንታት በኋላ እዚያው ቦታ ንጣፉ አብጦ ተነሣ። ተቋራጩ መጀመሪያ ጥፋቱን ወደ አሮጌው ሽፋን ሊያዞር ሞክሮ ነበር፤ እብጠቱ ሲቆረጥ ግን ሥሩ ባዶ ሶሌታ ሆኖ ስለተገኘ ክርክሩ አበቃ። ቦታው ደርቆ እንደገና ከተረጨ ወዲህ ምንም ችግር አላሳየም። መጠገኑ ቀላል መሆኑን በዚያው አጋጣሚ አይተናል፦ የተበላሸው ብቻ ይቆረጣል፣ አዲሱ ፎም ከአሮጌው ጋር ይጣበቃል፣ የቀረው ጣሪያ አይነካም።

ውፍረቱ በአንድ ጊዜ አይረጭም። በአንድ ዙር ከ12 እስከ 38 ሚሊ ሜትር ድረስ ይረጫል፤ ከዚያ ከበዛ በውስጡ የሚፈጠረው ሙቀት ፎሙን ሊሰነጥቀው፣ አልፎም ሊያቃጥለው ይችላል። የተጀመረው ክፍል ሙሉ ውፍረቱን በዚያው ቀን ማግኘት አለበት፤ ምክንያቱም በሁለት ዙሮች መካከል አቧራና ጤዛ ከገባ ንብርብሮቹ ይላቀቃሉ። ለዓይን የሚታየው የገጽታ ልስላሴም ትርጉም አለው። ባለሙያዎቹ የብርቱካን ልጣጭ የሚሉት ገጽታ ጥሩ ነው፤ ፈንዲሻ የሚሉት ጎርባጣ ግን ተቀባይነት የለውም፣ ምክንያቱም ሽፋኑ ሲቀባ ጉብታዎቹ አናት ላይ ይሳሳል፣ ጉድጓዶቹ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ቀዳዳም ይተዋል። እኛ የርክክቡ ዕለት ከተለያዩ ቦታዎች በትንሽ ክብ መቁረጫ ናሙና አስወጥተን ውፍረቱን ለክተናል፣ ንብርብሮቹንም በእጃችን ለማላቀቅ ሞክረናል። የተቋራጩ ሰዎች በዚህ ብዙም አልተደሰቱም፤ ግን ቀዳዳውን መልሶ መድፈን የደቂቃዎች ሥራ በመሆኑ ማንም ባለቤት ሊተወው አይገባም።

በሚረጭበት ወቅት ያለውን ችግር ሻጮች አቅልለው ይናገራሉ። የአይሶሳይኔት ብናኝ ሳምባን የሚያስቆጣ፣ አንዴ በእርሱ ለተቆጣ ሰውነት ደግሞ በጥቂቱም ቢሆን አስም ሊቀሰቅስ የሚችል ነገር ነው። ሠራተኞቹ ንጹሕ አየር የሚያቀርብ ጭምብል ያደርጋሉ፤ ከሥር ያለው ሰው ግን እንዲህ ያለ መከላከያ የለውም። ስለዚህ አየር ወደ ሕንፃው የሚስቡትን ማሽኖች ሁሉ አጥፍተን አፋቸውን ሸፈንን፣ የላይኛው ፎቅ ተከራዮችም ሥራው እስኪያልቅና ሽታው እስኪለቅ ድረስ እንዲወጡ አደረግን። ነፋስም ሌላ ራስ ምታት ነው። ፍጥነቱ በሰዓት ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ሥራው መቆም አለበት፤ አለበለዚያ የሚበተነው ጠብታ ርቆ ሄዶ መኪናና መስታወት ላይ ይደርቃል፣ ያለ ጭረትም አይለቅም። ሥራው በነፋስና በደመና ምክንያት ከታሰበው በላይ ተጓትቶብናል፤ ለዚህም ቅሬታ የለኝም፣ ምክንያቱም የሚያስፈራው በመጥፎ ቀን የማይቆም ተቋራጭ ነው።

አሁን ወደ ሽፋኑ ልምጣ፤ የብዙ ጣሪያዎች ዕጣ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነውና። ፎሙ ራሱ ውሃ አያሳልፍም፣ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆኑት ጥቃቅን ክፍሎቹ ዝግ ናቸው፤ የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር ግን መቋቋም አይችልም። ሳይሸፈን ከቆየ ገጹ ይጠቁራል፣ ከዚያም ወደ ብርቱካናማ ዱቄት ይለወጥና በነፋስና በዝናብ ይታጠባል። ሽፋኑ ቢቻል በማግሥቱ፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ መቀባት ያለበት ለዚህ ነው። ምርጫችን በአክሪሊክና በሲሊኮን መካከል ነበር። አክሪሊክ ርካሽና ለመቀባት ምቹ ቢሆንም ውሃ ለረጅም ጊዜ ሲተኛበት ይለሰልሳል፤ ሲሊኮን ደግሞ የተኛ ውሃን ይችላል፣ ፀሐይም በቀላሉ አያደርቀውም። ጣሪያችን ተዳፋቱ አነስተኛ ስለሆነ ሲሊኮን መረጥን። ሁለቱ ቅቦች በተለያየ ቀለም እንዲሆኑ በውሉ ማስፈራችን በጣም ጠቅሞናል፤ የታችኛው ግራጫ፣ የላይኛው ነጭ ስለነበር ያልተዳረሰ ቦታ ሁሉ ራሱን አጋልጧል። ከደረቀ በኋላ የሁለቱ ድምር ውፍረት ከ600 ማይክሮን (0.6 ሚሊ ሜትር) እንዳያንስ ተስማምተን ነበር፣ ናሙና ላይም ተለክቷል።

የሲሊኮን ሁለት ጉድለቶች ግን በአገልግሎት ታይተዋል። የመጀመሪያው አቧራ መያዙ ነው። አዲስ ነጭ ሽፋን ከፀሐይ ብርሃን ከ80 በመቶ በላይ መልሶ ይልካል ይባላል፣ እውነትም ነው፤ የእኛ ግን ዛሬ ግራጫማ ሆኗል፣ በተለይ ዝናብ ለረጅም ጊዜ ሳይጥል ሲቀር። በቀላል ሳሙናና ግፊቱ በቀነሰ ውሃ ሲታጠብ አብዛኛው ንጣቱ ይመለሳል፤ ይህ ግን በሽያጩ ወቅት ያልተነገረን የዘወትር ሥራ ነው። ሁለተኛውና ይበልጥ የሚያሳስበው ሲረጥብ ማንሸራተቱ ነው። ወደ ማሽኖቹ በሚወስደው መንገድ ላይ ሽፋኑ ሳይደርቅ ሸካራ ጠጠር ተበትኖበት ነበርና እዚያ ላይ እግር ይጸናል፤ ከመንገዱ ውጭ ግን ዝናብ በጣለ ዕለት ማንንም አላወጣም። በዚህ ላይ ሲሊኮን ላይ የሚጣበቀው ሲሊኮን ብቻ ስለሆነ፣ አንዴ የመረጠ ሰው ሽፋኑን በሚያድስበት ጊዜ ሁሉ ወደዚያው ይመለሳል።

የሙቀቱ ለውጥ ከጠበቅሁት በላይ ሆኗል። የፎሙ ሙቀት አስተላላፊነት በሜትር በኬልቪን 0.025 ዋት ገደማ፣ የኮንክሪት ደግሞ 1.7 ያህል ነው፤ በዚህ ስሌት 5 ሴንቲ ሜትር ፎም የሚከለክለውን ሙቀት በኮንክሪት ብቻ ለመከልከል ከ3 ሜትር በላይ ውፍረት ያስፈልጋል። ቀድሞ ከሰዓት በኋላ የላይኛው ፎቅ ኮርኒስ ሙቀት ወደ ታች ይተፋ ነበር፤ ሶሌታው ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ሲለቅም ቢሮዎቹ እስከ ምሽት አይቀዘቅዙም ነበር። አሁን ሶሌታው ከፎሙ በታች በጥላ ውስጥ እንዳለ ስለሚቆይ የቀንና የሌሊት ልዩነቱ ጠቧል፣ ማቀዝቀዣዎቹም አርፈው የሚሠሩበት ሰዓት አላቸው። የኤሌክትሪክ ወጪው ቀንሷል፤ ምን ያህሉ ከፎሙ፣ ምን ያህሉ ከነጩ ሽፋን እንደመጣ ለመለየት የምሞክር ግን አይደለሁም፣ ሁለቱ አብረው የሚሠሩ ናቸውና። ሌላው ያስደሰተኝ ነገር ሶሌታው በሙቀትና በቅዝቃዜ መለጠጡና መኮማተሩ ስለቀነሰ በፓራፔቱ ሥር የነበሩት ስንጥቆች መስፋታቸውን ማቆማቸው ነው።

ውሃን በተመለከተ የምጽፈው አጭር ነው፦ ከእብጠቱ ጥገና ወዲህ አንድም ጠብታ ወደ ውስጥ አልገባም። ፎሙ ወደ ውሃ መውረጃዎቹ ተዳፋት እንዲኖረው በውፍረት ተስተካክሎ ስለተረጨ፣ ከዝናብ በኋላ በ48 ሰዓት ውስጥ የማይደርቅ ኩሬ አንድ ቦታ ብቻ ነው የቀረው። ትንሽ ስለሆነና ሲሊኮኑ ስለሚችለው አልነካነውም።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ጣሪያውን የጎዳው ሰው እንጂ አየር አይደለም ማለት እችላለሁ። የማቀዝቀዣ ጠጋኞች ክዳን አውልቀው በሹል ማዕዘኑ ያስቀምጣሉ፣ ብሎን ጥለው ይረግጡታል፣ ከባድ ማሽን ይጎትታሉ። ወፎችም በአንድ ጠርዝ ላይ በመንቆራቸው ጎድጉደውታል። የፎሙ ጥቃቅን ክፍሎች ዝግ በመሆናቸው በእነዚህ ቀዳዳዎች የገባ ውሃ ወደ ጎን አልተሠራጨም፤ አድርቀን በሲሊኮን ማሸጊያ ደፈንናቸው፣ ነገሩም በዚያው አለቀ። ብየዳ ግን የተለየ ጉዳይ ነው። ፎሙ እሳት እንዳያዛምት የሚረዳ ኬሚካል ቢጨመርበትም የሚቃጠል ቁስ ነው፤ ስለዚህ በጣሪያው ላይ ብየዳም ሆነ ብረት መቁረጥ ያለ ፈቃድና ያለ እሳት ማጥፊያ ጠባቂ ከልክለናል። ይህን ደንብ ለመትከል ፈቃደኛ ያልሆነ ባለቤት ፎም ባይመርጥ እመክራለሁ።

ስለ አካባቢ ጉዳት የሚያስብ ገዢ ፎሙን የሚነፋው ጋዝ ምን እንደሆነ ይጠይቅ። ኤችኤፍሲ የሚባሉት ጋዞች፣ ለምሳሌ ለዚህ ሥራ በሰፊው የዋለው ኤችኤፍሲ 245ኤፍኤ፣ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ አንድ ሺህ እጥፍ ገደማ ይበረታሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የጸደቀው የኪጋሊ ማሻሻያ የተባለ ዓለም አቀፍ ስምምነትም እንዲቀነሱ ያዛል። ኤችኤፍኦ የተባሉት ተተኪዎች ጉዳታቸው እጅግ ያነሰ ነውና በውሉ ላይ በስም እንዲጻፉ አድርገናል። በሌላ በኩል ፎሙ ከሶሌታው ጋር የተጣበቀ በመሆኑ አንድ ቀን ቢነሣ ተፍቆ ይጣላል እንጂ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውል ነገር አይደለም፤ ይህ ያሳዝነኛል። የሚያጽናናው ለረጅም ጊዜ መነሣት የማያስፈልገው መሆኑ ነው፤ ሽፋኑ እንደ ውፍረቱ ከ10 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ታጥቦ በላዩ ላይ ሲቀባ ፎሙ እንዳለ ይቀጥላል።

ለመግዛት ለሚያስቡ የዋስትናውን ወረቀት ከመፈረማቸው በፊት እስከ መጨረሻው እንዲያነቡት እለምናለሁ። የእኛ ዋስትና በየስድስት ወሩ የተጻፈና ፎቶ የተያያዘበት የፍተሻ መዝገብ ካልቀረበ ይሰረዛል፤ የውሃ መውረጃዎች በቅጠል ተደፍነው ለሚደርስ ጉዳትም ኃላፊነት አይወስድም። የጣሪያው መዝገብ ከሕንፃው ቁልፎች ጋር አብሮ ይቀመጣል፤ ወደ ላይ የሚወጣ ጠጋኝ ሁሉ ስሙን፣ የወጣበትን ምክንያትና የተወውን ቀዳዳ ሳይጽፍ አይወርድም።