ባለ ሁለት ክዳኑ የቡና ማስቀመጫ ለማን ይበጃል?

ኤርስኬፕ የሚባለው የቡና ማስቀመጫ ከማይዝግ ብረት የተሠራና ሁለት ክዳን ያለው ዕቃ ነው። የላይኛው ተራ መሸፈኛ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ዙሪያውን ጎማ የተገጠመለት የውስጠኛው ክዳን ነው። ይህን ክዳን ወደ ታች ሲጫኑት ከፍሬው በላይ ያለው አየር በክዳኑ ቫልቭ (የአየር መውጫ ቀዳዳ) በኩል እየተነፈሰ ይወጣና ክዳኑ ቡናው ላይ ተኝቶ ይቀራል፤ ቡናው ባነሰ ቁጥርም አብሮ ዝቅ ይላል። ክዳኑ የሚጠመዘዝ የጠርሙስ ዕቃ ጉድለቱ እዚህ ላይ ነው፤ ቡናው ሲጋመስ ግማሹን ቦታ አየር ይወርሰዋል፣ በተከፈተ ቁጥርም አዲስ ኦክስጅን ይገባል።

አገር ቤት ቡና በየጊዜው እየተቆላ ስለሚጠጣ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚያስፈልገው ሰው ጥቂት ነው። በሚገባ የደረቀ ጥሬ ቡና፣ ማለትም እርጥበቱ ከ10 እስከ 12 በመቶ የሆነ፣ ከፀሐይና ከርጥበት ተጠብቆ ለወራት ሳይበላሽ ይቆያል። አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው በአፓርታማ የምንኖር ግን መቁያው በተጣደ ቁጥር የጭስ አላርሙ ስለሚጮህ መስኮት ከፍተን ለሳምንት የሚሆነውን ባንድ ጊዜ መቁላት ለምደናል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጥያቄ የተቆላውን እንዴት እናቆየው የሚል ነው።

የተቆላ ፍሬ በውስጡ የያዘውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለብዙ ቀናት ቀስ እያለ ይለቃል። ስለዚህ አየር በፓምፕ መጥጠው የሚያወጡ ዕቃዎች ለትኩስ ቡና ብዙም አይመቹም፤ ከሞከርኳቸው አንዱ ማታ ጥብቅ ብሎ ያደረው ክዳኑ በማግስቱ ፍሬው በለቀቀው ጋዝ ላልቶ ተገኝቷል። ባለ ሁለት ክዳኑ ዕቃ አየር አልባ ለመሆን አይሞክርም፤ ትርፉን አየር አስወጥቶ ይዘጋል፣ ይህም ለቤት አገልግሎት ይበቃል። በእኛ ቤት ከሳምንት በላይ የቆየው ፍሬ ክዳኑ ሲነሣ መዓዛው ገና ያውዳል፤ በፌስታል ተቋጥሮ የቆየው ደግሞ ያን ጊዜ ደርቆ የካርቶን ጠረን ይዟል።

ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች አሉ። ቡናው ሰፌድ ላይ ተዘርግቶ ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ መግባት የለበትም፤ ሙቀቱ ውስጥ ከታፈነ እንፋሎቱ ወደ ርጥበት ይለወጣል። ደግሞም እኛ ጠቆር አድርገን ስለምንቆላው ፍሬው ቅባት ያወጣል፤ ቅባቱ ክዳኑና ጎማው ላይ ተጣብቆ ሲሰነብት ይከረፋል፣ ጠረኑም ወደሚቀጥለው ቡና ይተላለፋል። ዕቃው ባለቀ ቁጥር በሳሙናና በሙቅ ውኃ ታጥቦ፣ የጎማው ሥር ሳይቀር ደርቆ፣ እንደገና ሊሞላ ይገባል። ይህን የማያደርግ ሰው ገንዘቡን ባያወጣ ይሻለዋል።

ለተፈጨ ቡና ዕቃው ያን ያህል አይረዳም። ቡና ሲፈጭ አየር የሚያገኘው ገጹ እጅግ ስለሚበዛ አብዛኛውን ጋዙንና መዓዛውን በአጭር ጊዜ ያጣል። ዘመድ ከአዲስ አበባ ቆልቶና ፈጭቶ የሚልከው ቡና እዚህ ሲደርስ የትኛውም ክዳን አያድነውም፤ ጥሬውን ወይም ቢያንስ ሳይፈጭ እንዲልኩልን መጠየቁ ይበጃል። (እናቶች ግን «ልጆቼ እንዳይደክሙ» ብለው መፍጨታቸውን የሚተዉ አይመስለኝም።)

ከሱቅ 250 ግራም ገዝቶ በሳምንት የሚጨርስ ሰውም ይህን ዕቃ አያስፈልገውም። ጋዝ እያስወጣ አየር የማያስገባ ቫልቭ ያለው የቡና ከረጢት፣ አፉ ተጠቅልሎ ተጨምቆ በመቆንጠጫ ከተያዘ፣ ከዚህ ዕቃ ጋር የሚቀራረብ ሥራ ይሠራል። ፍሪጅ ግን ለሁለቱም አይሆንም፤ ቡና ጠረን ይስባል፣ የበርበሬና የነጭ ሽንኩርት ጎረቤትነት ደግሞ የታወቀ ነው። ከወር በላይ መቆየት ያለበትን በትንንሽ ከረጢት ከፋፍሎ፣ አየሩን አስወጥቶና አሽጎ ፍሪዘር ማስገባት ይቻላል፤ ሲወጣ ግን ብርዱ እስኪለቀው ድረስ ከረጢቱ አይከፈትም፣ አለበለዚያ የክፍሉ አየር ርጥበት ፍሬው ላይ ጤዛ ይሆናል።

መጠንን በተመለከተ ግማሽ ኪሎ ገደማ የሚይዘውን እመርጣለሁ። ክዳኑ ስለሚወርድ ዕቃው ጎድሎም ቢሆን ጉዳት የለውም፤ በበጋ ርጥበት ጊዜም ከምድጃውና ከመስኮቱ ርቆ ቁም ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥ ይሻላል።