ላንድክሩዘራችንን ዳግም ላስነሳልን ባለሙያ

ቄራ አካባቢ የሚሠራ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን በአደባባይ ላመሰግን ነው። ስሙን ሳላስፈቅደው አላወጣም።

መኪናችን ላንድክሩዘር 100 ነው። አባታችን ትቶልን ያለፈው ነው። እናቴ ወገቧን ያማታል፤ ከዚህ መኪና ሌላ አይመቻትም። ኤኤችሲ የሚባለው፣ በፓምፕና በፈሳሽ የሚሠራ የከፍታ መቆጣጠሪያ አለው። ስትገባ ዝቅ ይልላታል፣ መንገድ ላይ ጉድጓዱን ዋጥ ያደርግላታል።

ጥቅምት ላይ አንድ ጠዋት ክሩስኮቶው ላይ "ኤኤችሲ ኦፍ" የሚለው መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። መኪናው ዝቅ እንዳለ ቀረ። ደብረ ብርሃን ድረስ እናቴ መቀመጫውን ጨምድዳ ይዛ ነው የሄደችው።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ጋራዥ የብልሽት ኮድ የሚያነብ ማሽን ሰክቶ "ኮድ የለም፣ ፓምፑ ሞቷል" አለኝ። ሁሉም ወጥቶ ተራ አሞርዛተርና ጠንካራ ሞላ ይገጠም ተባለ። ከ200 ሺህ ብር በላይ! ቀብድ ልከፍል ስል ነው የሥራ ባልደረባዬ ወደዚህ ልጅ የላከኝ።

እሱ መጀመሪያ ያስረዳኝ፣ ርካሽ ማሽኖች ብዙውን ጊዜ የሞተሩን ኮድ ብቻ እንደሚያነቡ ነው። በራሱ ማሽን ሲያየው የፊት ቀኝ የከፍታ ሴንሰር ኮድ ወጣ። በቃ ሴንሰር እንግዛ አልኩት። "ቆይ ወንድሜ፣ ኮዱ ሰፈሩን እንጂ ቤቱን አይነግርህም" አለኝ። ሽቦው ተቆርጦም ሊሆን ይችላላ።

ሽቦውን ከዳር እስከ ዳር ለካ። ደህና ነው። ከዚያ ሴንሰሩን ፈትቶ 3 የባትሪ ድንጋይ በፕላስተር አሰረና ከሴንሰሩ ጋር አገናኘ። እያንዳንዱ 1.5፣ በድምሩ 4.5 ቮልት። የሴንሰሩን ክንድ በጣቱ ቀስ እያደረገ ሲያነሳው የቮልት መለኪያው ላይ ቁጥሩ በሥርዓት ይጨምራል። ልክ 2 ቮልት አለፍ ሲል ዜሮ! ሦስት ጊዜ ደገመው። ሦስቱንም ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ጠፋ። ምን እንደተበላሸ በዓይኔ አየሁ።

ሶማሌ ተራ ሄጄ ሴንሰሩን አመጣሁ። ገጠመው፣ መኪናው ተነሳ። ፓምፑ ምንም አልሆነም ነበር።

ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው ግን የመጨረሻው ነው። በየጎማው ናይትሮጅን የታመቀባቸው ኳስ የሚመስሉ እቃዎች አሉ፤ ውድ ናቸው። እነሱንም ልቀይር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። መኪናውን ከላይኛው ከፍታ ወደ ታችኛው አወረደና የፈሳሹ ማጠራቀሚያ ላይ ያሉትን መስመሮች ቆጠረ። ፈሳሹ 11 መስመር ወጣ። አዲስ ሲሆኑ ወደ 14 ይደርሳል፤ ከ7 ካነሰ ነው የሚቀየሩት። "ገና ናቸው፣ ገንዘብህን አታባክን" አለኝ። "ቀይር" ቢለኝ ኖሮ እቀይር ነበር እኮ።

ሌላም ነገር መከረኝ፤ ለእናንተም ይጠቅማል። ጎማ ለመቀየር ክሪክ ከመግባቱ በፊት ኤኤችሲውን አጥፉ። ፈሳሹ ሲጎድል ደግሞ የራሱን እንጂ የፍሬን ዘይት እንዳትጨምሩበት፤ ጎሚኒውን ይበላዋል።

እናቴን በማግስቱ ይዣት ሄድኩ። "ማዘር፣ ይመቻል?" አላት። እጁን ይዛ "እድሜና ጤና ይስጥህ ልጄ" ብላ መረቀችው። እኔም ከልቤ አሜን ብያለሁ።

ተመሳሳይ ችግር ያለባችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ከእሱ ጋር አገናኛችኋለሁ። የመኪናውን ሞዴልና የትኛው መብራት እንደሚበራ አብራችሁ ጻፉ። መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።