ድሬዳዋ ላይ ቤት ልታሠሩ ያሰባችሁ ይቺን ልጅ አናግሯት

ገና አምና የተመረቀች አርክቴክት ናት፣ ሳቢያን ሰፈር እየተሠራ ላለው ቤታችን ፕላን ያወጣችልን እሷ ነች። ቤተሰቦቼ ልጅ ናት ብለው ትንሽ አቅማምተው ነበር ግን ቦታውን ልታይ ስትመጣ ገና ሜትር ሳታወጣ ከሰዓት ፀሐይዋ በየት በኩል እንደምትመታ ነው የጠየቀችው፣ ከዛ በምዕራብ በኩል ዕቃ ቤትና ሽንት ቤት አደረገችና መኝታ ቤቶቹን ሰሜንና ደቡብ የሚተያዩ መስኮቶች ሰጠቻቸው ነፋሱ አቋርጦ እንዲያልፍ። የድሬን ሙቀት ለሚያውቅ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ኤሲ ከመግጠም በፊት ቤቱ ራሱ እንዳይግል ማድረግ ይቀድማላ!

ከዚራ ሰፈር ያሉትን የባቡር ዘመን ቤቶች አይታችኋል አይደል፣ ሰፊ በረንዳ ከፍ ያለ ጣሪያ ዙሪያውን ዛፍ፤ ሐሳቡን ከነሱና ከሐረር ጀጎል ወፋፍራም የድንጋይ ግድግዳዎች ነው የወሰድኩት ብላናለች። ከቆርቆሮውና ከኮርኒሱ መሀል ሙቅ አየር የሚወጣበት ክፍተት ትታለች፣ ቢንቢ እንዳይገባም በወንፊት ሽቦ ይሸፈናል። ግቢውን ሙሉ ሲሚንቶ እናድርገው ስንላት እምቢ አለች፣ ዝናቡ የሚሰርግበት አፈር ይቅር ብላ፣ የ1998ቱን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ያየ ሰው ይሄ ይገባዋል።

ቅር ያለኝ የኤሌክትሪክ ድሮዊንጉ ዘግይቶ ግንበኛው ሥራ ፈቶ መቆሙ ነው፣ የዋጋ ግምቷም ከገበያው ዝቅ ይላል፣ የብሎኬትና የብረት ዋጋ ራሳችሁ አጣሩ። በተረፈ ስትጠራ ሳይት ድረስ ትመጣለች፣ ግንበኛውንም በትዕግስት ታስረዳለች፣ እኔ እህቴም በሷ እንድታሠራ ነግሬያታለሁ።