ለአንዲት የሥነ ምግብ ባለሙያ ምስጋና፣ ዳገት ለምትሮጡም ጥቆማ

የ46 ዓመት የቢሮ ሠራተኛ ስሆን ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ የእንጦጦን ዳገት እሮጣለሁ። ባለፈው ዓመት «ቀለል ካላልክ ዳገት አይወጣም» ያለኝን አሠልጣኝ ሰምቼ ምሳዬን በግማሽ ቀነስኩ፤ 6 ኪሎ ጣልኩ፤ ቀድሞ ሳልቆም የምወጣውን አቀበትም እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ መራመድ ጀመርኩ። ምክሩ ከመሠረቱ ሐሰት አልነበረም፤ ዳገት ላይ ሯጭ የገዛ ክብደቱን ሽቅብ ስለሚሸከም ኪሎ ይቆጠራል። የወረደው ስብ ይሁን ጡንቻ ግን ማንም አልለካልኝም ነበር።

የለካችልኝ ይህች እህታችን ናት። ሚዛኑ አልበቃትም፤ የክንዴን ጀርባ፣ ሆዴን፣ ጭኔንና ባቴን በመቆንጠጫ መለኪያ እየያዘች፣ እያንዳንዱን ቦታ ሁለት ሁለት ጊዜ ለክታ ሚሊ ሜትሩን በደብተሯ አሰፈረች። የሚቀነስ ስብ እንደሌለኝና የሳሳው ቁልቁለት ስወርድ ሰውነቴን የሚይዝልኝ የጭን ጡንቻዬ መሆኑን ካስረዳችኝ በኋላ ለደም ምርመራ ላከችኝ፤ የብረት ክምችቴም ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ። ከ3,000 ሜትር በላይ ለሚሮጥ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አየሩ ሲሳሳ ሰውነት ተጨማሪ ቀይ የደም ሕዋስ የሚሠራው በብረት ነውና። «እንጀራ እየበላሁ እንዴት ብረት ያንሰኛል?» ብዬ ስከራከራት «ከምሳው ጋር የሚጠጡት ሻይስ?» ብላ ዝም አሰኘችኝ። ሻይና ቡና ከእህል የሚገኘው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚይዙ ከምግብ አርቄ እንድጠጣቸው፣ ምስር ወጡም ላይ ሎሚ እንድጨምቅ አዘዘችኝ።

በዐቢይ ጾም «ይፍቱ» አላለችኝም። ከባዱን ልምምድ ከማለዳ ወደ 11 ሰዓት አዛወረችው፤ 9 ሰዓት ላይ በማር የተበጠበጠ በሶ፣ ከሩጫ በኋላ ሽሮና ምስር በደንብ እንድበላ አደረገች። ከአንድ ሰዓት በላይ ስሮጥ ደግሞ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ታዝዞልኛል፤ አንድ መካከለኛ ሙዝ ወደ 27 ግራም ይይዛል። በአራተኛው ወር 3 ኪሎ ጨምሬ ያን አቀበት ሳልቆም ወጣሁት፤ ከቆዳዬ ሥር ያለው ስብ ግን እምብዛም አልጨመረም።

ቀጠሮዋ ይዘገያል፣ አነጋገሯም ፊት ለፊት ነው፤ የምትሸጠው ዱቄትም ሆነ እንክብል የላትም። ስልኳን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣለሁ። ስትሄዱ የ3 ቀን ምግባችሁን፣ ቆሎዋ እንኳ ሳትቀር፣ ጽፋችሁ ያዙ፤ ያለዚያ ከበር ትመልሳችኋለች።