ኩፍኝ ወይስ ካዋሳኪ?

ደሴም ሆነ ወልድያ፣ ሕፃን በትኩሳት ነድዶ ሽፍታ ሲያወጣ አያቶች ቀድመው የሚጠሩት ኩፍኝን ነው። ኩፍኝ ሳል፣ ንፍጥና የሚያነባ ዓይን ይዞ ይመጣል፤ ሽፍታው ከጆሮ ጀርባና ከፊት ተነሥቶ ወደ ታች ይወርዳል። ከልጅ ወደ ልጅ ይዛመታል፤ በ9 እና በ15 ወር የሚሰጠው ክትባት ይከላከለዋል። የታመመውም ሐኪም ቤት ሄዶ ቫይታሚን ኤ ሊወስድ ይገባል።

ካዋሳኪ ግን የደም ሥሮች ብግነት (መቆጣትና ማበጥ) ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ጃፓናዊው ሐኪም ቶሚሳኩ ካዋሳኪ በ1967 እ.ኤ.አ. ጽፈው ያሳወቁት ይህ በሽታ በብዛት ከ5 ዓመት በታች ያሉትን ይይዛል። ዓይን ይቀላል እንጂ ዓይናር አያወጣም። ኮምቦልቻ ያለችውን የእህቴን ልጅ ያቀፍኩባት ቀን ከዓይኔ አትጠፋም፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ ምላሷ እንደ እንጆሪ ቀልቶ፣ መዳፏ አብጦ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የጣቶቿ ጫፍ ቆዳ ተላጠ።

የሚያስፈራኝ የልብ ጉዳይ ነው። ካልታከመ ከ4 ሕፃናት የ1ዱን ያህል የልብ ደም ሥር ያሳብጣል፤ ኢሚውኖግሎቡሊን (ከለጋሾች ደም የሚዘጋጅ የመከላከያ ፕሮቲን) በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት በደም ሥር ከተሰጠ ግን አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል። ትኩሳቱ 5ኛ ቀኑን ከያዘ «ኩፍኝ ነው፣ ይለቀዋል» ብላችሁ አታቆዩት፤ የልብ አልትራሳውንድ ወዳለበት ሆስፒታል ይዛችሁት ሂዱ።