ሸራ ፍለጋ ወጥቼ ሌላ ሸራ ያስቀየረኝ መካኒክ

ይሄን ምስጋና ሳልጽፍ ብቀር ያንቀኛል።

ባለፈው ሐምሌ ብቻዬን፣ በአባቴ አሮጌ ዲኤክስ፣ አባያ ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክዬ ልሰነብት ተነሳሁ። የሰማ ሁሉ «በክረምት? ያውም ብቻሽን?» አለኝ። ጅማ በዶፍ ስትርስ ግን አርባ ምንጭ ያን ያህል አይዘንብም፤ የእሷ ዋና ዝናብ ሚያዝያና ግንቦት ነው። እንግዳም የለም፣ ጸጥ ያለ ነው።

አንድ ጋራዥ (ስሙ ይቅር) ፍሬኑን ረገጥ ረገጥ አድርጎ «ሰላም ነው» ብሎ ሸኘኝ። እኔም አምኜ ለድንኳኔ ሸራ ልገዛ እዚሁ ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ ሄድኩ። መኪናዬን ሳቆም አንድ በዕድሜ ጠና ያለ መካኒክ ከሌላ መኪና ስር አንገቱን ብቅ አድርጎ፣

«ልጄ፣ ሸራሽ አልቋል» አለኝ።

«አዎ ጋሼ፣ አሁን ልገዛ ነው» አልኩት። የድንኳኑን መስሎኝ!

የኋላውን ጎማ ፈቶ ሲያሳየኝ የፍሬን ሸራው ተበልቶ ብረቱ ብረት ሊፍቅ ነው። የፍሬን ዘይቱም ጠቁሯል። «ይሄ ዘይት ሲያረጅ እርጥበት ይስባል። ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላል፣ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ያኔ ለእኔ መደወያ ጊዜ የለሽም» አለኝ። ሁለቱንም ቀየረ። አሮጌውን ሸራ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ደግሞ አንድ ነገር አስጠናኝ፦ «ዳገቱን በምትወጪበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረጂ።»

በጭዳና በተርጫ አድርጎ ወደ ሶዶ የሚሄደውን መንገድ የነዳችሁ፣ ወደ ኦሞ ሲወረድ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ጉም ነበር። ከፊቴ ያለው አይሱዙ ፍሬኑ ተቃጥሎ ይሸታል። እኔ በሁለተኛ ማርሽ፣ ቀስ እያልኩ።

አባያ ማኪያቶ ይመስላል፤ ውሃው ውስጥ ባለው ደለል ምክንያት ነው። አዞ ስላለ ድንኳኔን ከውሃው ርቄ፣ ዘበኛ ያለው ግቢ ውስጥ ተከልኩ። ከግቢው እንግዳ እኔ ብቻ ነበርኩ። የምትሄዱ አጎበር አትርሱ፣ የወባ አገር ነው።

ሰውዬው «ስሜን አደባባይ አታውጪው» ስላለ ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ። አንድ ጥፋት አለበት፦ ነገ ካለ ከነገ ወዲያ ማለቱ ነው።

ስመለስ ብሎኖቹን እንደገና አጠበቀልኝ። ልክፈል ብለው እምቢ አለ።

«ሙዝስ?» አለ፣ ከመኪናው ስር እጁን ዘርግቶ።